ከዋንዛው ሥር ቀይ፣ ከዋንዛው ላይ አረንጓዴ

ሚስቴን ልታሳጣኝ የነበረችው አንዲት ዝምተኛ ወፍ ናት። ትሮጎን እንደምትባል የነገረኝ አንድ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ እሱም ልጆች ከወለድን በኋላ።

ያኔ መቱ ከተማ፣ በአባቴ ሱቅ ውስጥ እሸጥ ነበር። ማር የምንገዛው ቡሬ አካባቢ ጫካ ውስጥ ቀፎ ከሚሰቅሉ ሽማግሌ ነው። ልጃቸውን ወድጄአለሁ፤ እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። ይሄ አፌ ግን አያርፍም። አንድ ቀን፦

"ጋሼ፣ ዋንዛው ላይ፣ ከቀፎዎ በታች፣ ሆዷ እንደ በርበሬ የቀላ ወፍ አየሁ" አልኳቸው።

"ያቺ ድምፅ የማታሰማው?"

"እሷው።"

"አረንጓዴ ናት" አሉ። "ስንት ዘመን የወጣሁበት ዛፍ ነው።"

እሺ ብል ምን ነበረበት? ግትር ነኝና ቀይ ናት አልኩ። እሳቸው ደግሞ ማር ከስኳር የሚደባልቅ ነጋዴ አንገሽግሿቸው የሱቅ ልጅ ሁሉ ይዋሻል ባይ ናቸው። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። በወፍ የዋሸኝ በልጄ አይዋሸኝም?" ብለው ለሚስታቸው ነገሩ። ልጅቷ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

በሳምንቱ ባዶ ቀፎ ሊሰቅሉ ሲሄዱ፣ እንዲታረቁኝ ብዬ ተከተልኳቸው። ቀፎውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ እግራቸውን እያዩ ነው የሚሄዱት፤ ሲወጡም ዓይናቸው ከግንዱ አይነቀልም።

"ዛሬ እኔ ልውጣ፣ እርስዎ ከሥር ያቀብሉኝ" አልኩ። እኔ እኮ በርጩማ ላይ መቆም የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። የመውጫ ገመዳቸውን ወገቤ ላይ አሰሩልኝና በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ"፣ በአማርኛ "ቀስ በል" እያሉ ሰደዱኝ።

ላይ ደርሼ ግንዱን እንዳቀፍኩ ቁልቁል አየሁ። ወፏ ከእግሬ በታች ተቀምጣለች፤ ንቅንቅ የለም። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። ክው አልኩ። በገዛ አፌ ልጅቷን አጣኋት ብዬ ልቅሶዬ መጣ። ቢሆንም መዋሸት አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አረንጓዴ ናት።"

ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ቆመው፣ አንገታቸውን ሰቅለው የወፏን ሆድ ያያሉ።

"ዝም በል" አሉ። "ቀይ ናት።"

"አይ፣ አረንጓዴ ናት ጋሼ።"

"ቀይ ናት አልኩህ! ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?"

"መጀመሪያ እንዴት እንደሚወረድ ይንገሩኝ" አልኳቸው።