የወደቀው ቅል

በዛቫላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በዓል ቀን፣ ጨዋታው ጦፎ ሳለ በመምቻ ከሚመታው የአልቢኖ የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ፣ ከቲምቢላው ሥር አንድ ቅል ተላቆ አሸዋው ላይ ወደቀ። በላዩ ከተደረደረው ከእያንዳንዱ እንጨት በታች ቅል አለ፤ ቅሉ ከሌለ እንጨቱ ቢመታም አይዘምርም። አልቢኖ ክው አለ። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንቱ ሲሚያዎ ግን ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። ግራ እጃቸው ያ የጎደለው ድምፅ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ በራሳቸው ቲምቢላ ላይ እየመታ ሞላለት፤ ቀኙ የራሱን ሥራ አላቋረጠም። ጨፋሪዎቹ እግር አልሳቱም። ያየው ከኋላ የቆመው ይህ ጸሐፊ ብቻ ነበር። ዛሬ አልቢኖ ራሱ እየሳቀ ስለሚያወራው መጻፉ አያስቀይምም።

ያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሲሚያዎ ሰባ አልፏቸዋል፤ የቲምቢላ ተጫዋቾቹን የመሪነት ወንበር ለእህታቸው ልጅ ለአልቢኖ መልቀቅ ፈልገዋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ «ይቸኩላል፤ እስቲ በበዓሉ እንየው» ብለዋል።

ሲሚያዎ የተማሩት አባታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በአባታቸው እጅ ውስጥ አድርገው ነው። በጎልማሳነታቸው ጆሃንስበርግ የወርቅ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ሠርተዋል፤ እሑድ እሑድ ግን ይጫወቱ ነበር። እየተጫወቱ ያወራሉ። «የተከልሽው ካሳቫ በቀለልሽ?» ብለው ጎረቤታቸውን ይጠይቃሉ፤ እጃቸው አይስትም። እንዴት እንደሚችሉት ሲጠየቁ «እኔ ምን አውቃለሁ? እጄን ጠይቁት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ ያየ ሰው ሰጪውን ሳያመሰግን አያልፍም።

ጨዋታው ሲያበቃ አልቢኖ ቅሉን ታቅፎ መጣ።

«ቅሉን የያዘውን ሰም መቼ ለጠፍከው?» አሉ ሲሚያዎ።

«ትናንት ማታ፣ አጎቴ።»

«ሳይጠና ፀሐይ ላይ አሰጣኸው! የንብ ሰም እኮ ነው፣ ሲሚንቶ መሰለህ?»

«ወንበሩ ይቅርብኝ። የተጫወቱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ የመታሁት አንድ ድምፅ ነው። የቀረውን ማን መታው፣ ቄሱ?»

አልቢኖ ሳይወድ ሳቀ። ሲሚያዎ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«የሰም ስሕተት የእጅ ስሕተት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ግን አሁን ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ከኋላ የቆምከው አንተ ነህና ይጠይቁሃል። አንተ ጸሎተኛ ሰው ነህ፣ ዋሽልኝ አልልህም።» ቅሉን ከአልቢኖ ተቀብለው በጸሐፊው እጅ አስያዙት። «ቤቴ እንሂድና መልሰን እንለጥፈው። ሰሙ እስኪጠና ደግፎ የሚይዝልኝ ሰው ቸግሮኛል፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ብቻ ያዝልኝ፣ ልጄ።»