የእህቴ መንገድና የእኔ ብረት

ታላቅ እህቴ የምትቀድመኝ በዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ ነበር። በሁሉም ነገር ትቀድመኛለች። ጉበታችን ላይ ስብ እንዳለ በአንድ ሳምንት ተነግሮን እንኳ ሰው ሁሉ ቀድሞ «አይዞሽ» ያለው እሷን ነው።

ሐኪሙ ነገሩን ሳያወሳስብ አስረዳን። ፈጠን ብሎ መራመድም ሆነ ብረት ማንሳት የጉበትን ስብ ይቀንሳል፤ ዋናው ሳያቋርጡ መሥራትና ጣፋጭ መተው ነው አለን። የሚያመኝን ጉልበቴን ነካክቶ ደግሞ፣ «ለእርስዎ ብረቱ ይሻላል» አለኝ።

እሷ በማንኪራ መንገድ ጫካ ለጫካ ስትነጉድ፣ እኔ ከቦንጋ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ ጂም ውስጥ ልጆቼ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር ብረት እገፋለሁ። ስትመለስ ፊቷ ወዝቶ ነው። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር፣ «እትዬ፣ ወጣት ሆኑ እኮ!» ይላታል። እኔን ማን ያየኛል? ቅናቱ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ይባስ ብሎ በመንገዷ ላይ ያሉት ንብ አናቢ ዘመዶቻችን ማር ሳያቀምሱ አያሳልፏትም። እምቢ ማለት ደግሞ ቤቱን መናቅ ነው። ስለዚህ «ለእህቴ ልውሰድላት» ትላቸውና ቋጥረው ይሸኟታል። እኔ ቤት ታስቀምጠዋለች።

«ለእንግዳ ይሆንሻል። አንቺ ግን እንዳትነኪው» ትለኛለች።

እንዳትነኪው! መንገዱም የእሷ፣ ምስጋናውም የእሷ፣ ማሩም በእሷ ትእዛዝ? ብረት ያነሳ ሰው ኃይል ያስፈልገዋል እያልኩ፣ ከጂም በመጣሁ ቁጥር በማንኪያ እየዛቅሁ በእልህ በላሁት።

ከወራት በኋላ ተመልሰን በአልትራሳውንድ ታየን። የእሷ ስብ ቀንሷል፤ የእኔው እንዳለ ነው።

«ይኸው! ብረት ምንም አይረባም!» ብዬ ጮህኩ።

ሐኪሙ ክንዴን አየት አድርጎ፣ «ብረቱስ ሥራውን ሠርቷል። ለመሆኑ ምን እየበሉ ነው?» አለኝ።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ገብቷታል። የማሩን ነገር ግን አላነሳችም፤ «ከእንግዲህ አብረን እንጠነቀቃለን» ብቻ አለች።

ስንመለስ በእልህ ባጃጅ አልይዝም አልኩ። ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ከእሷ እኩል ልራመድ ታገልኩ። ትንሽ እንደሄድን እርምጃዋ ቀዘቀዘ። ደከማት ብዬ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ሳያት ላብ እንኳ አላላባትም፤ ቀስ ያለችው ለእኔ ብላ ነው።

እንደዚያን ቀን ቀንቼባት አላውቅም።