ለሁለት ሰው፣ ያለ መስኮት

በመርከብ መንሸራሸርን ከቤታችን ሰው መጀመሪያ ያሰበችው እትዬ ናት። እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ነች። እናቴ ከሞተች በኋላ፣ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ አምጥታ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች "አክስቴ" ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንሶላና መጋረጃ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ዕቃ ለማምጣት በዓመት አንድ ጊዜ ዱባይ ትሄዳለች። ባካሎሪያ፣ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻውን ፈተና፣ በምወስድበት ዓመት ከዚያ ስትመለስ ስለ ጨርቅ ሳይሆን ስለ አንድ ነጭ መርከብ ማውራት ጀመረች።

"ሕንፃ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "ቆሜ ሳየው ሕንፃው ተነሥቶ ሄደ።"

እኛ ለመርከብ እንግዳ አይደለንም። ወደቡ አጠገብ ባለው በራስ ዲካ በኩል ወደ ባሕሩ የወጣ ሰው ስንዴ የሚያራግፍ ወይም ኮንቴይነር የተከመረበት መርከብ ሳያይ አይመለስም። ሰው ለመብላት፣ ለመተኛትና ባሕር ለማየት ብቻ የሚሳፈርበት መርከብ ግን ለእትዬ ሌላ ነገር ሆነባት። ዱባይ ጨርቅ ገበያ ውስጥ ያገኘቻት አንዲት ፈረንሳዊት ለአንድ ሳምንት ጉዞ የከፈለችውን ነግራታለች። እትዬ በገበያ ፈረንሳይኛዋ ሁለቴ አስደግማ ጠየቀቻት። እትዬ ራሷ ዱባይ ለሆቴል ከምታወጣው ብዙም አይበልጥም ነበር።

"ዓይኔ" አለችኝ። ፈረንሳይኛ ማንበብ ስለማትችል የኪራይ ውሉንም፣ የመድኃኒቱንም ወረቀት የማነብላት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ዓይኔ የምትለኝ። "ዓይኔ፣ አንቺ ፈተናሽን እለፊልኝ እንጂ እኔና አንቺ እዚያ ነገር ላይ እንወጣለን። ርካሹን አንቺ ፈልጊ።"

ፈተናውን አለፍኩ፤ ርካሹንም መፈለግ ጀመርኩ።

የምፈልገው ቤታችን አጠገብ፣ ካርቲየ 2 ውስጥ፣ ሳይበር በምንለው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ስድስት ኮምፒውተርና አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ አለው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የጅቡቲ ሰው ናቸው። የምከፍተው ገጽ ሁልጊዜ መርከብ መሆኑን ካዩ በኋላ በስሜ መጥራታቸውን ተዉ።

"ካፒቴን፣ ዛሬስ ወዴት ነን?" ይሉኛል በፈረንሳይኛ።

"ዛሬ ወደ ኦማን ነን" እላለሁ።

"ማዕበል ካለ ንገሪኝ፣ በር እዘጋለሁ።"

በዚያ የትምህርት ዕረፍት ብዙ ነገር ተማርኩ። በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ከፊቱ "ከ" የምትል ትንሽ ቃል አለችው፤ የወደብ ግብሩና በየቀኑ ለአስተናጋጆች የሚታሰበው ጉርሻ ከታች በደቃቅ ፊደል ይመጣል። ዋጋው የአንድ ሰው ነው፣ ግን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ሲጋሩ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው የሁለቱን ያህል ይከፍላል። ያንኑ መርከብ፣ ያንኑ ቀን በጣሊያንኛው ገጽ ቢፈልጉት በፈረንሳይኛው ካለው ይረክሳል፤ ጣሊያንኛውን በፈረንሳይኛዬ እየገመትኩ አነበብኩት። ከሁሉም ርካሹ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለው መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እዚያ ያደሩ ሰዎች እንደጻፉት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከመርከቡ ፊት ያለውን ባሕር ቀንና ሌት የሚያሳይ ጣቢያ አለ። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ ማታ ለእትዬ አነብላት ነበር።

"ስንት አሉ?" ትለኛለች መጀመሪያ።

እነግራታለሁ።

"የመጨረሻውን ጠይቂያቸው።"

"እትዬ፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ኮምፒውተር ነው።"

"ሻጭ የሌለው ሱቅ የለም። ዝጊውና ሂጂ። ግን ቀስ ብለሽ ሂጂ። ከፈለገሽ ይጠራሻል።"

ይህ የእሷ የሥራ ሕግ ነው። ገዢ ዋጋ አልስማማት ብሎ ስትወጣ እትዬ አትከተልም። ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ አንድ ሰዓት ጠጋኝ አለ። ገዢዋ እዚያ በር እስክትደርስ ድረስ መጋረጃዋን እያጠፈች ዝም ትላለች። ልክ እዚያ ስትደርስ፣ "ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ነይ አትሂጂ!" ትላለች። ገዢዋም ይህን ስለምታውቅ በጣም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። እውነቱን ለመናገር ገጹን ዘግቼ ሳምንት ስቆይ ዋጋው ወርዶ ያገኘሁበት ጊዜ ነበር። ለእትዬ ስነግራት አልተገረመችም።

"ሰዓት ጠጋኙ ጋ ደርሰሽ ነበራ" አለች።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር የምንፈልገው ተገኘ። ከዱባይ ተነሥቶ በኦማንና በባሕሬን ዞሮ ዱባይ የሚመለስ፣ የሰባት ሌሊት ጉዞ ነው፤ ክፍሉ ለሁለት ሰው፣ ያለ መስኮት። የሚነሣው የእኔ የመንፈቅ ፈተና ባለቀ በሳምንቱ ነበር። ይህን ቀን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፤ እትዬም በዚያው ዕቃዋን ታመጣለች። የባንክ ካርድ ስለሌለን የሳይበሩ ባለቤት በራሳቸው ካርድ ከፈሉልን። እትዬ ከጎኔ ተቀምጣ የኔን ጣት በዓይኗ ትከተል ነበር።

"ይኸውልሽ፣ ይኼ ያንቺ ስም ነው። ከሥር ያለው የኔ ነው" አልኳት።

"ይኼ እስክሪብቶ የመሰለውስ?"

"ሰው መቀየር ቢያስፈልግ ነው። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ድረስ በነፃ ይቀየራል።"

"በነፃ?"

"በነፃ።"

"ጎበዝ፣ ዓይኔ" አለችኝ። ሁሉንም ነገር አንድም ሳላስቀር ስላስረዳኋት ደስ ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ከሱቅ ጎማ ያለው ቀይ ሻንጣ አመጣችልኝ፤ አልጋዬ ሥር አስገባሁት።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከትምህርት ስወጣ ሳይበር ገብቼ ያንን ገጽ እከፍት ነበር። የምሠራው ነገር አልነበረኝም። የእሷንና የእኔን ስም አንዱን ከአንዱ ሥር አይቼ እዘጋለሁ።

አንድ ሐሙስ ግን ገጹን ከመክፈቴ በፊት ኢሜይል ጠበቀኝ። "የጠየቁት ለውጥ ተመዝግቧል፤ መልካም ጉዞ እንመኛለን" ይላል። ስሕተት መሰለኝ። ገጹን ከፈትኩት። ላይኛው ስም የእትዬ ነው። ከሥሩ የኔ የለም። የአንዲት ሴት ስም ነው፤ ቀጥሎ የተጻፈው የአባቷ ስም ቤታችን ውስጥ የማይጠራ ነበር።

እትዬ ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ አለቻት። በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። እትዬ ከባሏ ስትለያይ የእሱ ቤተሰቦች ልጅቷን አንሰጥም አሉ፤ እትዬ እኔን ይዛ መጣች። በዓል ሲሆን እኔና ልጅቷ በስልክ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን። ስለ እሷ የማውቀው ይኼን ያህል ብቻ ነበር።

"ማን ነው የቀየረው?" ብዬ የሳይበሩን ባለቤት ጠየቅኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "እትዬሽ ማክሰኞ የፓስፖርት ቅጂ ይዛ መጣች። እስክሪብቶውን ንኩልኝ አለች፤ ነካሁ። አንቺ የላክሻት መስሎኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ካፒቴን፣ አላወቅሽም እንዴ?" አሉኝ።

ማክሰኞ የነፃው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ቀኑን የነገርኳት እኔ ነኝ።

ሱቅ ስደርስ እትዬ ሰማያዊ መጋረጃ እያጠፈች ነው። ደንበኛ አልነበረም።

"እትዬ፣ ስሜ የለም" አልኩ።

እጇ አላቆመም። "ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ፈተናሽን ስትጨርሺ። እንዳይረብሽሽ ብዬ ነው።"

እሷ መናገር ቀጠለች። "አሥራ ሦስት ዓመት ያበላሁት አንቺን ነው። ትምህርት ቤት እጅሽን ይዤ ያደረስኩት አንቺን ነው። ለሷ ምን አድርጌላት አውቃለሁ? አንድ ሳምንት ነው የምሰጣት። አንድ ሳምንት! አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ከኔ ጋር ነሽ።"

"ለሦስት ሰው የሚሆን ክፍል እኮ ነበር። ሦስተኛው ሰው በግማሽ ዋጋ የሚገባበት። አሳይቼሽ ነበር።"

"አስታውሳለሁ።"

"ታዲያ?"

መጋረጃውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ በእጇም ዳበሰችው። "ብቻችንን መሆን ፈልጌ ነው" አለች።

መጮኽ እችል ነበር፤ ግን እትዬ ላይ ጮኼ አላውቅም። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። የጫማ ሱቁን አለፍኩ፣ ሽቶ ቤቱን አለፍኩ። ሰዓት ጠጋኙ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ሰዓቶች የምመለከት መሰልኩ። ሰውዬው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ፣ "ተበላሸብሽ?" አለኝ። አይ፣ አልኩት። ከኋላዬ የሰማሁት የእትዬን መጋረጃ መስቀያ ቀለበቶች መንሿሿት ብቻ ነበር። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄድኩ።

ልጅቷ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ መጣች። የምጠላት ዓይነት ሆና ብትመጣ ይቀለኝ ነበር። ጨዋ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ልክ እንደ እትዬ። አልጋዬን ለቀቅኩላት። ሻንጣውንም እትዬ ሳትጠይቀኝ ጎትቼ አወጣሁላት፤ እንዲህ ነው የለመድኩት፣ ሳልጠየቅ መስጠት።

"አንቺ ነሽ አሉ የፈለግሽልን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ።

"ምንም አይደል።"

"እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። በመስኮቱ ዓሣ ይታያል?"

መስኮት እንደሌለው እትዬ አልነገረቻትም ማለት ነው። "ትልቅ መርከብ ነው" አልኳት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

በማግሥቱ ሳይበር ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በትክክል አላውቅም፤ ልማድ ይመስለኛል። መርከቡ አልሞላም ነበርና ዋጋው ወርዷል። እትዬ በከፈለችው ገንዘብ መስኮት ያለው ክፍል ይገኛል። አስቀድሞ የከፈለ ሰው የመጨረሻው የጉዞ ወረቀት ሳይወጣ ቢጠይቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያዛውሩት ከብዙ ተጓዦች ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ወረቀቱ የሚወጣው ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም።

ክፍሉን እንዲቀይሩላቸው ለመርከቡ ድርጅት ኢሜይል በጥንቃቄ ጻፍኩ። የቦታ ማስያዣውን ቁጥር አስገባሁ፣ ከአክብሮት ጋር ብዬ ጨረስኩ፣ ሁለት ጊዜም አረምኩት። ከዚያ ማውሱ ላይ እጄን አድርጌ ቆየሁ።

"ካፒቴን፣ ዛሬስ ወዴት ነን?" አሉ ባለቤቱ ከወንበራቸው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ካፒቴን ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

"የትም" አልኩ። ኢሜይሉን ሳልልከው ዘጋሁት። በሁለተኛው ቀን አልሄድኩም። በሦስተኛውም አልሄድኩም።

ሄደው ተመለሱ። ልጅቷ ከተመለሱ በማግሥቱ ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረች፤ ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ እትዬ አዲሱን ጨርቅ እየፈታች፣ እኔ ዋጋ እየለጠፍኩ፣ ስለ ጉዞው ታወራኝ ጀመር። ምግቡ ማለቂያ የለውም አለች። ሰው በዋና ልብስ ቁርስ ይበላል አለች። ሳቅኩላት።

"ክፍሉ ግን!" አለች። "መብራት ስታጠፊ የገዛ እጅሽ አይታይሽም። ልጅቷ ጨለማ ትፈራለች ለካ፤ እኔ እናቷ አላውቅም። ቴሌቪዥኑን፣ ያልሽኝን፣ ባሕሩን የሚያሳየውን ከፈትንላት፤ እሱም አልበቃትም። ሰባቱንም ሌሊት እጄን ይዛ ነው የተኛችው።"

የያዝኩትን የዋጋ ወረቀት ለጠፍኩ። ጠማማ ሆነብኝና አንሥቼ እንደገና ለጠፍኩት።

"በዚያ ዋጋ መስኮት ያለው ጨርሶ አልነበረም?" አለችኝ።

"አልነበረም" አልኩ።

"ይሁን። አንቺ የለም ካልሽ የለም።"

ከቦርሳዋ ከመርከቡ ያመጣችውን፣ በወረቀት የተጠቀለሉ አራት ትንንሽ ሳሙናዎች አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያም እሷ በሌለችበት ሳምንት በሩ ሥር የገባውን የመብራት ወረቀት አነሣች። "ዓይኔ፣ ይኼን ደግሞ አንብቢልኝ" አለች።

አነበብኩላት።