የከሳሼና የእኔ ሰንሰለት

ሰንሰለት መቀባት ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ሌላውን ነገር ሁሉ ሳያቆሽሹ መቀባት ግን ሙያ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ በቀኝ እጄ፣ ሌላው ጫፍ በከሳሼ ግራ እጅ ላይ ተቆልፎ አብረን በከረምንበት ሁዳዴ ነው።

ብራና ፋቂ ነበርኩ። አንኮበር ውስጥ፣ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ባለች ጎጆ ብቻዬን እኖር ነበር። ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከዞሩ ወዲህ ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ ግቢውን ተከትለው ሄደዋል፤ የሚስቴ ወንድም እንኳ ጓዙን ጭኖ ሲሄድ የተሰናበተኝ በአጥር ላይ ነው። የቀሩት ጎረቤቶቼ የቆዳ ሽታ አይወዱም፤ እኔም የእነሱን ወሬ አልወድም። እንዲህ ተስማምተን እንኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብቸኝነት ነበር፣ ሌላ ስም ብሰጠው ውሸት ይሆንብኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወዲህ ካለ መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ከአጥሬ አጠገብ ቆሙ። ግቢዬ ውስጥ ጠጉሩ ገና ያልተፋቀ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር የፍየል ቆዳ ወጥሬ ነበር።

«ይቺ የኔ ፍየል ናት» አሉ።

ገብተው ጭኗ አካባቢ ቀበሮ ነክሷት የዳነ ጠባሳ አሳዩኝ። ጠባሳው አለ፤ ምን ልበል? ቆዳውን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት። ሽማግሌው አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ዳኛው ዘንድ ቀረብን። የአገሩ ደንብ እንግዲህ የታወቀ ነው፦ ተከሳሽ ዋስ ከጠራ ቤቱ ገብቶ ቀጠሮውን ይጠብቃል፤ ዋስ ካጣ ከከሳሹ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኛል።

«ዋስ ጥራ» አሉ ዳኛው።

አሰብኩ። ለዓመታት ብራናዬን ሲወስዱ የኖሩት የደብሩ አለቃ እዚያው ቆመው ነበር። ሳያቸው «የቤተ ክርስቲያን ሰው ዋስ አይሆንም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሌላ የምጠራው ስም ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ስም ሁሉ ወይ እንጦጦ ነው ወይ መቃብር። ሌባ ከመባል ይልቅ ያፈርኩት በዚህ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ሰው እንደሌለኝ ታወቀ። ቀጥቃጩ መጥቶ ከሽማግሌው ጋር አቆራኘን። ወይ ዋስ አገኛለሁ፣ ወይ ሻጩን አገኛለሁ፣ ካልሆነም እንደታሰርኩ እኖራለሁ።

ለፋሲካ የማደርሰው የመጽሐፍ ብራና ስለነበረብኝ ጎጆዬ ገባን። መጀመሪያ ሰሞን ሁለታችንም አንነጋገርም ነበር፤ የሚናገረው ሰንሰለቱ ብቻ ነው። ስንቀመጥ ይንቋቋል፣ ስንገላበጥ ይንቋቋል። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቆላው ሽቅብ ሲመጣ ብረት አንድ አዳር አይበቃውም፣ ይዝጋል። ዝገቱ የሽማግሌውን ጋቢ አቀላው፣ የእኔን ኩታ አቀላው። አንድ ጠዋት ደግሞ ፍቄ በጨረስኩት ነጭ ብራና ላይ ቀይ ነጠብጣብ ጣለብኝ። እኔ በብራናዬ ላይ ዝንብ ሲያርፍ የምሳደብ ሰው ነኝ። ያገኘሁትን ቁጣ ሁሉ ሽማግሌው ላይ አወረድኩ።

«ብረቱ የዳኛው ነው። ሂድና ዳኛውን ተቆጣ» አሉኝ።

ያን ቀን ሰንሰለቱን ልቀባው ቆረጥኩ። ከቆዳ የፋቅሁት ሞራ ነበረኝ፤ እፍኝ ሙሉ ወስጄ ከጫፍ ጫፍ መረግሁት። ከዚህ የከፋ ስህተት በሕይወቴ ጥቂት ነው የሠራሁት። ሞራው በብርዱ ረጋ፤ አመድና ጭቃ ያዘና ጥቁር ማጥ ሆነ፤ እጃችን፣ ልብሳችን፣ መደቡ ሁሉ ተለቀለቀ። ሽማግሌው ምን እንደሆነ ያወቁት ዘግይተው ነው።

«በሁዳዴ ሞራ! አንት ሰው፣ ከሌብነቱ ላይ ጾም ልታስገድፈኝ ነው?»

ግራ እጃቸውን ሰንሰለቱ እስከፈቀደላቸው ድረስ ከራሳቸው አርቀው ያዙ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የጎረቤቴ ውሻ ሽታውን ይዞ ተከተለን፤ ባባረርነው ቁጥር ዞሮ መጥቶ ሰንሰለቱን ይልሳል። ምእመናኑ ሁለት እስረኛና አንድ ውሻ ሲገቡ ቆመው አዩን። መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ቀጥሎ እኔ ሳቅሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሳቅሁ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ ሥራ ያዝነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ለፊት እንቀመጥና ለብራና የማይሆን አሮጌ ቆዳ በጉልበታችን ላይ እንዘረጋለን፤ የሚረግፈው ሁሉ እዚያ ይቀራል። እሳቸው ሰንሰለቱን ወጥረው ይይዛሉ። እኔ በደረቅ አመድና በሻካራ ሣር ቀለበቱን አንድ በአንድ እፈትጋለሁ። በእርጥብ ጨርቅ እጠርገውና እስኪሞቅ ድረስ እሳት ዳር እናደርቀዋለን፤ እርጥብ ብረት ላይ ቅባት ማድረግ ውሃውን ከውስጥ መቆለፍ ነው። ከዚያ ቅባኑግ፤ የጾም ነውና ሽማግሌው አይቆጡም። በዶሮ ላባ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ቀለበት ከቀለበት በሚፋተግበት ቦታ። ቅባት የሚፈለገው እዚያ ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ለልብስ ነው የሚተርፈው። ቀለበቶቹን እያገላበጥን እስኪሰርግ እንጠብቃለን፤ በመጨረሻ የሚታየውን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ጠርገን እናነሳዋለን። ተቀብቶ ሲያበቃ ያልተቀባ መምሰል አለበት።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነበር። እጅ ለእጅ ታስረው እየጠበቁ አለማውራት አይቻልም። ሽማግሌው ስለ ፍየሏ አወሩኝ፤ በቀንዷ የበሩን መወርወሪያ ከፍታ ጓሮ ትገባ ነበር አሉ፣ እየተቆጡም እየናፈቋትም። እኔ ስለ ሚስቴ አወራሁ። ከሞተች ጀምሮ ስለ እሷ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ከየት እንደሚወጣ ግራ ገባኝ። ሽማግሌው ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ግን «ቀለበቷን ዘለልካት» ብለው ያልተቀባችውን አሳዩኝ።

በሳምንቱ ገበያ አሊዩ አምባ አብረን ወርደን ሻጩን ፈለግን። በሚቀጥለውም ወረድን። አልተገኘም። ስፍቅ የእሳቸው እጅ ከእጄ ጋር ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ውሎ አድሮ ምላጩን መቼ እንደማነሳ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ጀመር። ሳማትብም እጃቸው ከእጄ ጋር ወደ ግንባሬ ይነሳ ነበር። ክንዴ የሁለት ሰው እጅና የብረት ክብደት ማንሳት ለመደ።

ብራናውን ለፋሲካ አደረስኩ፤ ከዚያች ከመጀመሪያዋ በቀር ነጠብጣብ አልነካውም። ከበዓሉ በኋላ በዋለው ችሎት ቀረብን።

«ዋስ አገኘህ?» አሉ ዳኛው።

«አላገኘሁም፣ ጌታዬ።»

«እኔ አለሁለት» አሉ ሽማግሌው ከአጠገቤ።

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። «አንተ ከሳሹ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ። ፍየሏም የኔው ናት።»

«ታዲያ ከሳሽ ለተከሳሹ እንዴት ዋስ ይሆናል?»

«ሌላ ሰው የለውማ። እኔ ደግሞ ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

«ወይ ክስህን ያዝ፣ ወይ ሰውየውን ያዝ። ሁለቱን አልሰጥህም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ሰንሰለቱ በመካከላችን ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

«እንግዲያው ፍየሏ ትቅር» አሉ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ሰው «አውቀዋለሁ» ብሎልኛል። ደስታዬን መናገር አልችልም። ደስታው ሳያልፍ ቀጥቃጩ መዶሻውን ይዞ መጣ።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰንሰለት ፈትቼ አላውቅም» አለና ከዛጉት ክምር ላይ ወረወረው። ሽማግሌው ትከሻዬን ስመው የበልግ እርሻ ልጆቻቸው ላይ እንደተከመረ፣ በዚያ ባልፍ ቤታቸው ቤቴ እንደሆነ ነገሩኝና የደብረ ብርሃንን መንገድ ያዙ። ጉሙ እስኪውጣቸው ቆሜ አየኋቸው። ለፋሲካ ያጠብነው ጋቢያቸው ነጭ ነበር።

ሲመሽ ጎጆዬ ገባሁና ለጸሎት ቆምኩ። ላማትብ እጄን እንደለመድኩት አነሳሁት። ክንዴ ክብደቱን ሲጠብቅ ክብደቱ የለም፤ እጄ ተወርውሮ ግንባሬን ቋ አደረገኝ። ሳቄ መጣ።

«አዩልኝ?» ብዬ ወደ ቀኜ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ እጄን ቀስ አድርጌ ማንሳት እስክለምድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።