አባቴን ዝም ያሰኘው ፊልም

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው "አባትሽ ያሉበት ፊልም እንዴት ያምራል!" ባለኝ ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ፣ ጽፌው ይውጣልኝ ብያለሁ።

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜውን ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነበር። ወሬ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! በአማርኛ የጀመረውን ቀልድ በኦሮምኛ አስኪዶ በሶማልኛ ይጨርሰዋል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያወራ ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ቆመው ይሰሙት ነበር።

አንድ የፊልም ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ ድሮው ባቡር እሠራለሁ ሲል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የአባቴ ወሬ ተቀርጾ ሊቀር ነዋ! በመጀመሪያው ቀን አባቴ ካሜራው ፊት እስከ ምሳ ሰዓት አወራ። በማግስቱ ሰውዬው ሐሳቡን ለወጠ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምንም አይናገሩ። ሐዲዱን ብቻ ይዩ።"

"አቦ ምን ነካህ!" አለ አባቴ። "ዝም እንድል ነው እዚህ ያመጣኸኝ?"

"ቃል ይዋሻል፣ ፊት አይዋሽም። እውነቱ ያለው ዝምታዎ ውስጥ ነው። ትርጉሙን ተመልካቹ ራሱ ያገኘዋል።"

አባቴ እንግዳ ማስቀየም አይወድም፤ ዝም አለ። የድሬ ፀሐይ ዓይኑን ሲወጋው እንባ አቀረረ። ካሜራው እሷኑ ለቀም አደረገ።

ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ በሙሉ ተከዘ። አባቴ ካወራው ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ አልገባችም። አባቴ ስክሪኑ ላይ ራሱን እያየ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ እንደ ቀልድ አለፈ።

አባቴ ባረፈ በወሩ ዳይሬክተሩ ጋ ደውዬ የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ ለመንኩት። እኔ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነው።

"ፊልሙ ውስጥ ያልገባውን አላስቀምጥም። አጥፍቼዋለሁ" አለኝ።

"የአባቴን ድምፅ እኮ ነው የጠየቅኩህ!"

"የአባትሽ እውነት ፊታቸው ላይ አለልሽ" አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዘንድሮ አገባሁ። ባለቤቴ አባቴን በሕይወት አላገኘውም። ከፎቶ ሌላ የማሳየው ስለሌለኝ ያንኑ ፊልም ከፈትኩለት። እስከ መጨረሻው ካየ በኋላ "እንዴት ያሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ" አለኝ፣ በአዘኔታ።

ኧረ በፍጹም፣ ወሬኛ ነበር፣ ሰፈሩን በሳቅ ነበር የሚገድለው፣ አልኩት። "በዓይኔ አየኋቸው እኮ" ብሎ ሳቀ። ያን ቀን አኮረፍኩት። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እርር ያደርገኛል፤ የአባቴ ልጅ እኔ ሆኜ ሳለ፣ አባቴን የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያምነው ያንን ፊልም ነው።