ከሰሌዳው አልፎ የሚነሳ እጅ

ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። ቢሮ ተቀምጦ ኮድ ሲጽፍ ይውላል፤ የሰው ስህተት በሩቅ ይሸተዋል፣ የራሱን ግን አፍንጫው ሥር ቢያስቀምጡለት አያየውም።

አባቱ አርባ ዓመት ታፔላ የጻፉ ሰው ናቸው። ሕመም ቀኝ እጃቸውን ካንቀጠቀጠው ወዲህ ብሩሽ አልጨበጡም። ሴት ልጃቸው የስፌት ሱቅ ልትከፍት ስትል ግን «ታፔላሽን ከእኔ ሌላ ማንም አይጽፈውም» ብለው ፎከሩ። ሊቁ ይህን ሰምቶ ያለ ብሩሽ በኮምፒውተር የሚጽፉበት ትንሽ የሥዕል ፕሮግራም ሠራላቸው። የማውሱን ቁልፍ ሲጫኑት መስመር ይጀምራል፣ እጅ ሲሄድ ይከተላል፣ ሲለቁት ያቆማል። በቃ። እነዚህን ሦስት ትእዛዞች ጽፎ ዓለምን የፈጠረ መሰለው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወልውለው ተቀመጡ። እንደ ሙያቸው ከፊደሉ በፊት ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውን መስመር ሳቡ፤ የፕሮግራሙን መስኮት ጠርዝ አልፈው ጣታቸውን ከማውሱ ቁልፍ አነሱ። ለሁለተኛው ሲመለሱ የፊተኛው መስመር እንደ ተጣባ ውሻ እየተከተለ ሥራውን ሁሉ ሞነጫጨረው።

«ልጄ፣ አይለቀኝም እኮ።»

«አባዬ፣ ጣትህን አንሳ!»

«አንስቻለሁ።»

«አላነሳህም። እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው። ማሽን አይዋሽም።»

ይህን መፈክር ማን እንዳስጠናው እንጃ! እህቱ «እስቲ አንተ ሞክረው» አለችው። እሱ መስኮቱ መሀል አንዲት ክብ ሠራ፤ ለቀቀ፤ ቆመ። «አየሽ?» አላት። ሲፈትነውም የከረመው እዚያው መሀሉ ላይ ነበር።

አባት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ አርባ ዓመት ያመኑትን ጣት ገልበጥ አድርገው አዩትና «ታፔላውን ለማተሚያ ቤት ስጪው» አሉ።

ስምንት ወር አለፈ። ሊቁ ሱሪ ሊያሳጥር እህቱ ሱቅ ሄደ። መቁረጫ ጠረጴዛዋ የአባታቸው አሮጌ ታፔላ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ጠርዙን አልፎ የጣውላውን ውፍረት ይዞ ወርዷል።

«ይሄ ምንድን ነው? ፈስሶ ነው?»

«ምን ይፈሳል? አባዬ መስመሩን ጫፍ ላይ አያቆምማ። ካቆምክ ቀለሙ ይቋጠራል። አሳልፎ ነው እጁን የሚያነሳው። እዚያ ቤት አላደግክም እንዴ፣ ሊቁ?»

ሱሪውን ጥሎ ወጣ። አባቱ ጣታቸውን አንስተው ነበር። ያነሱት ግን ከመስኮቱ ውጭ ነው፤ የእሱ ፕሮግራም ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ የተለቀቀ ቁልፍ አይሰማም። ማረሚያው አራት መስመር ኮድ ነበር፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

አረመውና ኮምፒውተሩን ይዞ አባቱ ዘንድ ሄደ።

«አባዬ፣ ያኔ ጣትህን አንስተህ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ተወው ልጄ፣ እጄ ነው። አንተ ምን አጠፋህ።»

ሊቁ ራሱ መስመሩን ከመስኮቱ አሳልፎ ጣቱን አነሳ። መስመሩ ጫፉ ላይ ጥርት ብሎ ቀረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ያምራል» አሉ።

ቀኝ እጃቸውን ግን ከኮታቸው ኪስ አላወጡትም።