ገማቾቹ የመጡ ዕለት

ሐምሌ ሲገባ ስልኬን ጥርቅም አድርጌ ማጥፋት ያምረኛል። የምሠራው ሰመራ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ መመዝገብ ነው፤ ከግብር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቢሆንም ግብር በደረሰ ቁጥር ዘመድ የተባለ ሁሉ፣ የዘመድ ጎረቤት የተባለ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። «አንተ እዚያው ስለሆንክ ታውቀዋለህ» ይሉኛል። እዚያው የሚሉት የት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ደሞዝተኛው «በየወሩ ከደሞዜ እየተቆረጠ፣ ላከራየኋት አንዲት ክፍል ደግሞ ለምንድን ነው የምከፍለው?» ይለኛል። የደሞዙ ሌላ፣ የኪራዩ ሌላ ነው ስለው፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል ያኮርፈኛል። ሎግያ ላይ ልብስ የምትሸጥ ሴት ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቿን ይዛ ወሎ ትወጣለች፤ ሱቁ ተዘግቶ ለከረመበትም ትከፍል እንደሆነ ትጠይቀኛለች። መዝጋትሽን ለቢሮው በጽሑፍ አሳውቀሻል ወይ ስላት፣ «ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ የለም እንዴ!» ብላ ትቆጣለች። አንድ እህል ነጋዴ ደግሞ ዘካውን በሥርዓቱ አውጥቷልና ከግብሩ ይቀነስለት እንደሆነ ለማወቅ አሳይታ ድረስ ለመስክ ሥራ በሄድኩበት እየደወለ ምሳዬን አስጥሎኛል። አይቀነስም አልኩት። «ጠይቅልኝ እንጂ አንተ ምን ታውቃለህ!» አለኝና ዘጋው። ካላወቅሁ ለምን ይደውልልኛል? ይሄ ነው የሚያበግነኝ።

አንድም ቀን ጠይቃኝ የማታውቀው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ብቻ ነበረች። መጠየቅ የነበረባት ደግሞ እሷ ነበረች።

አክስቴ ከወሎ በልጅነቷ ወርዳ አዋሽ ላይ የቀረች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ከፈተች። ሻይ፣ ፉል፣ ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ። የድሮው ባቡር መምጣት ካቆመ ወዲህ ደንበኞቿ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጠው፣ ስለማይመጣው ባቡር ሲከራከሩ ይውላሉ። ሻይ ቤቷ የምታስገባው ገንዘብ አክስቴን ከማንም እጅ ሳትጠብቅ ያኖራታል፤ ከዚያ አያልፍም። ለእሷ ግን ቤቱ ከገንዘቡም በላይ ነበር። ልጅ አልወለደችም። ጠዋት በሩን ስትከፍት «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ የሚገባው ሰው ነበር ዘመዷ።

እንደ እሷ ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ አይዙም። ስለዚህ ገማች ኮሚቴ በየሱቁ እየዞረ፣ ዕቃውን አይቶ፣ ሰዉን ቆጥሮ፣ ባለቤቱን ጠይቆ፣ «ይህ ቤት በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብሎ ይጽፋል። የዓመቱ ግብር የሚወጣው ከዚያ ነው። ገማቾች ወጡ የሚል ወሬ ሲሰማ ሌላው ነጋዴ ዕቃውን ወደ ጓዳ ያስገባል፣ ፍሪጁን በጨርቅ ይሸፍናል፣ ፊቱን ያጠቁራል። ልክ ነው አልልም። ግን ይሄንን የማያደርግ ሰው አላውቅም ነበር።

ገማቾቹ አክስቴ ዘንድ የመጡት ከአሥር ሰዓት በፊት፣ አዋሽ በሙቀት ዝም ባለችበት ሰዓት ነው። ሦስት ሆነው፣ ወረቀት ይዘው። ቤቱ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ የተሻለ ሁኔታ ከየት ይመጣል! ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ እንዲያው ዝም ብትል፣ ነገሩ እዚያው ያልቅላት ነበር።

አክስቴ አፈረች። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤቷ መጥተው ወና ሆኖ ሊያገኙት! የሚያጫውታቸው ሰው የለ፣ አብሯቸው የሚቆርስ የለ። በጓሮ ወጥታ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ጠራች። መንገድ ዳር ጎማ ሲያስጠግኑ የነበሩ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠራች። ጥላ ስር የተቀመጡትን ጡረተኞች፣ ከሰል የሚሸጡትን ሴቶች፣ መንገደኛ ሳይቀር፣ «ኑ ግቡ፣ እንግዳ መጥቶብኛል» ብላ ሰበሰበች። ለነገ ጠዋት የተቀመጠውን ሊጥ አውጥታ ሳምቡሳ ጠበሰች። ገማቾቹ አንበላም ሲሉ «ወላሂ ሳትቀምሱ አትወጡም» አለቻቸው። አንዲት ወንበር ባዶ አልቀረችም፤ ሾፌሮቹ ቆመው ጠጡ።

ከገማቾቹ አንዱ ዙሪያውን አይቶ ጻፈ። «ገበያ እንዴት ነው፣ እናቴ?»

«አልሐምዱሊላህ! ሞልቶ ተርፎ።»

«ሁልጊዜ ሰው እንዲህ ነው?»

«ቤቴ ሰው አጥቶ አያውቅም፣ አላህ ይመስገን።»

እንዲህ ነው ያለችው። ቃል በቃል የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው። ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ የግምቱ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ወረቀቱ የመጣው ሐምሌ ሲገባ ነው። የተገመተባት የቀን ገቢ በደህናው ቀን ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ነበር። በዚያ ልክ የሚመጣውን ግብር ለመክፈል ቤቱን መዝጋት ነበረባት፤ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ቀን ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ከሰመራ ተሳፈርኩ። ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን አልፌ እስክደርስ ንዴቴ አልበረደም። ሰላምታም በቅጡ አልሰጠኋት።

«ምን ሆነሽ ነው ሰው የሰበሰብሽው?»

«እና እንግዳ ወና ቤት ይቀበሉታል እንዴ?»

«እንግዳ አይደሉም እኮ! ገማች ናቸው!»

«ገማች በጣሪያ ይገባል? በበሬ ነው የገቡት።»

«እሺ፣ ገበያ ሲሉሽ ሞልቶ ተርፎ ምን አመጣው?»

«አላህ የሰጠኝን የለም ልበል? ነገ ቢነሳኝስ?» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። አልጠጣም አልኳት። እስኪበርድ ድረስ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀዝቃዛውን ደፍታ ሌላ ቀዳች። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? እኔ ግን ተጣላሁ። ድምፄን ከፍ አደረግሁባት፤ ጡረተኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ማመልከቻ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ንገሪኝ አልኳት። የነገረችኝ አጭር ነበር። ያን ዕለት የነበሩትን ሰዎች እኔ ነኝ የጠራኋቸው፤ የከፈለኝ የለም፤ በሌላው ቀን ስድስትም ሰባትም ሰው ይገባል፤ ጁምዓ ጁምዓ ይጨምራል፤ ሰዎቹ እዚሁ አሉ፣ ጠይቋቸው። አለቀ።

ይህን ብጽፍ ማን ያምነኛል ብዬ አሰብኩ። የትኛው ነጋዴ ነው ገማች ሲመጣ ቤቱን በነፃ የሚሞላው? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው አልኩ። ደግሞስ ስድስት ሰው ካለች ስምንት ነው ይላሉ፣ ሰባት ካለች አሥር። በመሥሪያ ቤት ዓመታት የተማርኩት ነገር ካለ፣ ዝቅ ብለህ ካልጀመርክ መሐል ላይ አትደርስም የሚል ነው። ስለዚህ በማማሩ የምኮራበትን የእጅ ጽሕፈቴን ይዤ የራሴን ጻፍኩ። «ረዳት የሌለኝ ባልቴት» ብዬ ጀመርኩ። «ሥራው ከቆመ የቆየ በመሆኑና ደንበኛ የሚባል ስለሌለኝ፣ በጎረቤት ምጽዋት የምኖር» አልኩ። ሲያልቅ አነበብኩት፤ እኔኑ አሳዘነኝ።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። «ምን ብለህ ጻፍክልኝ?» አለችኝ። አድራሻውን አነበብኩላት፣ ከዚያ ዘልዬ «ጉዳዬ እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ» የሚለውን መጨረሻውን አነበብኩላት። «አላህ ይስጥህ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ሚዛን እንደሚያስተካክል ሰው ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ ነበር የፈረመችው።

ኮሚቴው ፊት የቀረብነው ከቀናት በኋላ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ጠና ያለች ሴትዮ ነበረች። አጠገቧ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ማመልከቻው እዚያው ጮክ ተብሎ ይነበባል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ቦታ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል እኮ! ሰብሳቢዋ ግን ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የራሱን ታነብ ነበር። የእኛንም ከላይ ጀምራ፣ ቃላቱን እየለየች አነበበችው።

«ምጽዋት» የሚለው ላይ ስትደርስ አክስቴ ተነሳች።

«ማነው ምጽዋት የሚበላው?»

«እናቴ፣ የእርስዎ ማመልከቻ ነው።»

«እኔ ምጽዋት አልበላሁም። እሰጣለሁ እንጂ ተቀብዬ አላውቅም። ደንበኛ የለኝም ነው ያልኩት? ደንበኞቼ ዛሬ ጠዋትም ቤቴ ነበሩ! ሥራው መቼ ቆመ? አንድ ቀን አልዘጋሁም።»

«ይሄ ጣት የእርስዎ አይደለም?»

«ጣቱ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ቃሉ የእኔ ነው፣ እሷ ያለችው እንዲህ ነበር፣ ያን ዕለት ሰዎቹን የጠራቻቸው እሷ ናት ማለት እችል ነበር። መሬት መሬት አየሁ። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መሆኔ ቢታወቅስ ብዬ ፈራሁ። አክስቴ ስለ ምጽዋቱ ክፉኛ ተናድዳ ስለነበር፣ ስለዚያ ቀን እንግዶች መናገሩ ትዝም አላላት። ሰብሳቢዋ ቆይታ ጠበቀች። ከዚያ «ወረቀቱ ሌላ ይላል፣ ባለቤቷ ሌላ ትላለች፤ በየትኛው እንወስን?» አለች። ግምቱ እንዳለ ጸና። አዲስ ማመልከቻ ማስገቢያው ጊዜም አልፎ ነበር።

አክስቴ ቀድማ ወጣች። ሰብሳቢዋ ኮሪደሩ ላይ ደርሳብኝ ቆም አለች።

«አንተ ነህ የጻፍክላት?»

አክስቴ ወደ ወጣችበት በር ዞርኩ።

«ባለፈው ሳምንት አንድ የሆቴል ባለቤት መጥቶ ነበር። ገማቾች ሲመጡ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ምሳ እንዳበላ፣ ቤቱ የሞላው በዚያ እንደሆነ ጻፈ። ጎረቤቶቹ መጥተው መሰከሩ፤ ዝቅ አደረግንለት። የእናንተንም ቤት አውቀዋለሁ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ይኖራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።» መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

አክስቴ የንግድ ፈቃዷን የመለሰችው ነሐሴ ሳያልቅ ነው። የተጠየቀችውን ለመክፈል ወንበሮቹን ለአንድ የአዋሽ አርባ ሰው በጅምላ ሸጠች። ጋሪ ላይ ሲጫኑ ጡረተኞቹ መጥተው አገዙ፤ ከዚያ መቀመጫ ስለሌለ ቆመው ቆዩና አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ የመዝጊያውን ፎርም ስሞላላት ነበር። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን እያየች «ሰው አሁን የት ሊቀመጥ ነው?» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ወደ ሰመራ የምመለስ ዕለት መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘችኝ። እንቢ ብላትም እግሯን እየጎተተች መጣች። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጄን ያዘች።

«አንተማ ለእኔ ብለህ ለፍተህ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ድረስ መጥተህ፣ ጽፈህልኝ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ምላሴ ነው ቤቴን የዘጋው። ልፋትህን ገደል ከተትኩብህ፣ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ ልጄ።»

ሰብሳቢዋ ያለችኝን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሷ እጄን ሳትለቅ መልስ እየጠበቀች ጥቂት እርምጃ ከመኪናው ጋር ሄደች።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት።